ፎቶ አንሺው በራሱ አልበም ውስጥ የት አለ?

(በፎቶ አንሺዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ የሙያ ጓደኞቼ! ክቡራትና ክቡራን! ሌላው ሰው የሚያርፍበት ቀን የእኛ የሥራ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ቀጠሮ አዛውራችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ላስቸግራችሁ ነው። እባካችሁ ስልካችሁን አውጡ። ከምትወዷቸው ሰዎች ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የወጣችሁበትን ቀን ፎቶዎች ክፈቱ። ጉዞ ይሁን፣ ልደት ይሁን፣ ኬክ ለመብላት ብቻ የወጣችሁበት ከሰዓት ይሁን፣ ግድ የለም። አገኛችሁት? እሺ፣ ቁጠሩ። ስንት ፎቶ አለ? ከዚያ ሁሉ ውስጥ እናንተ ያላችሁበት ስንቱ ነው?

ጸጥ አላችሁ። ገባኝ።

የሰው ሠርግ እናነሳለን፣ የሰው ልደት እናነሳለን፣ የሰው ምረቃ እናነሳለን። የራሳችን ቤት ጋ ስንደርስ ግን ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንዱ ፎቶ አንሺ ደክሞታልና ካሜራውን ቤት ጥሎ ይወጣል፤ ሴት ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታድግ በደህና ካሜራ የተነሳችው አንድ ፎቶ የላትም። ሌላው ደግሞ ካሜራውን ይዞ ይወጣና ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ይውላል። «ወደዚህ ዙሩ፣ አንዴ ድገሙት፣ ቆይ አትንኩት» ሲል አይስክሬሙ ይቀልጣል፣ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ባለቤቱ ፊቷን ታዞራለች። ማታ 600 ፎቶ ይዞ ይገባል። እሱ ራሱ ግን አንዱም ውስጥ የለም።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልላችሁ ነው፤ ቀኑ ይቅደም፣ ፎቶው ይከተል። ይህ ደግሞ በመልካም ምኞት አይሆንም፤ በዝግጅት ነው የሚሆነው። ተዘጋጅቶ የወጣ ፎቶ አንሺ የሚፈልገውን በአሥር ደቂቃ ያነሳና ካሜራውን ወደ ቦርሳው ይመልሳል። ያልተዘጋጀ ግን ሲያስተካክል፣ ሌንስ ሲቀይር፣ «አንዴ ድገሙልኝ» ሲል ይመሻል። የተቆጠበችው ጊዜ የማን ናት? አብረውን የወጡት ሰዎች ናት!

አምስት ነጥብ አለኝ። ቦርሳው፣ የካሜራው የሥራ ሰዓት፣ ገበታው፣ እኛ ራሳችን ፎቶው ውስጥ የምንገባበት መንገድ፣ በመጨረሻም ከተመለስን በኋላ ያለው ሥራ። ገበታው ላይና ወደ ፎቶው መግባት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

እንግዲህ አንደኛ፣ ቦርሳው።

አንድ ካሜራ፣ አንድ ሌንስ፣ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድ፣ አንድ ለስላሳ መጥረጊያ ጨርቅ፣ አንድ ትንሽ መንፊያ። በቃ! የሥራ ቦርሳችሁን ለሽርሽር አትያዙ። የትኛው ሌንስ? ለእኔ መልሱ 35 ሚሊሜትር ነው። ክሮፕ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል አነስ ያለበትን ካሜራ ለያዘ 23 ወይም 24 ሚሊሜትር ያው ነው። ለምን? ከምትወዱት ሰው ጋር ስትወጡ ብዙውን ጊዜ በመካከላችሁ ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ርቀቱም 1 ሜትር ገደማ። በ1 ሜትር ላይ 85 ሚሊሜትር ሌንስ በሙሉ ሴንሰር ወደ ጎን የሚያየው 42 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ፊትና ትከሻ። 50 ሚሊሜትሩ 72 ሴንቲሜትር ያያል። 35 ሚሊሜትሩ ግን አንድ ሜትር ይሞላል፤ ከፊታችሁ የተቀመጠችው ሰው ፊቷም፣ እጇም፣ ከፊቷ ያለው ሳህንም፣ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ትከሻም አብረው ይገባሉ። ትዝታ ደግሞ የሚቀረው እዚያ ውስጥ ነው። ፊት ብቻውንማ መታወቂያ ላይም አለ።

ትልቁን ዙም ሌንስ የማልመክረው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ትልቅ ሌንስ ሲደገንበት ሰው ይቀየራል፤ ትከሻው ይቆማል፣ ፈገግታው ይደርቃል። ትንሹን ሌንስ ሰዉ ቶሎ ይረሳዋል።

በአውሮፕላን የምትጓዙ፣ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ ተመዝግቦ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ከታች ባለው የዕቃ ክፍል ደግሞ አይቶ የሚያጠፋው የለም። ጫፎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፉባቸው፤ ከሳንቲም ወይም ከቁልፍ ጋር ተነካክተው እንዳይገናኙ። አጠቃላይ ገደቡ በአንድ ባትሪ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ማባዛት። 7.2 ቮልት፣ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (2 አምፒር ሰዓት) የሆነ የካሜራ ባትሪ 14.4 ዋት ሰዓት ነው፤ ምንም አያሰጋም። ችግር የሚያመጣው ፓወር ባንክ ነው። በ3.7 ቮልት 20,000 የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል፤ 30,000 የተጻፈበት ግን 111 ስለሚሆን በር ላይ ሊያስቀሩባችሁ ይችላሉ። ፊልም የምትጠቀሙ ደግሞ ፊልማችሁን ለብቻ በሚያሳይ ፌስታል አድርጋችሁ በእጅ እንዲፈተሽላችሁ ጠይቁ። አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች በአንድ ማለፊያ ፊልም ሊያበላሹ ይችላሉ።

ሌላው የሚረሳው ሰዓት ነው። የሰዓት ክልል ስታልፉ ስልኩ ራሱን ያስተካክላል፤ ካሜራው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስተካክልም። በኋላ የእናንተንና የባለቤታችሁን ስልክ ፎቶ ስትቀላቅሉ የማለዳው ከማታው በኋላ ይመጣና ቅደም ተከተሉ ሁሉ ይተራመሳል። እንደደረሳችሁ የካሜራውን ሰዓት ከስልኩ ጋር እኩል አድርጉት። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከዚያ እርጥበት። ከቀዘቀዘ ክፍል ወይም መኪና ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር በቀጥታ ከወጣችሁ ሌንሱ በጤዛ ይሸፈናል፤ አየሩ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ነው ውሃ የሚሆነው። መጥረግ አያዋጣም፤ ወዲያው ይመለሳል፤ ውስጥ የገባውም አይጠረግም። ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን በፌስታል ጠቅልላችሁ አፉን እሰሩት፤ ከወጣችሁም በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሳትፈቱት ቆዩ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይሆናል፣ ካሜራው ይድናል። በባሕር ዳርቻ ደግሞ ሌንስ አትቀይሩ። አንድ ሌንስ ከያዛችሁ መቀየሩም ቀረ፤ አንድ ሌንስ ያልኳችሁ ለዚህም ጭምር ነው። አሸዋ ሌንሱ ላይ ካረፈ በጨርቅ እንዳትፈትጉት! መጀመሪያ በእጅ በሚጨመቅ መንፊያ ንፉት፣ ቀጥሎ ጥረጉት። ሳይነፋ የተጠረገ አሸዋ መስታወቱን ይቧጭራል፤ ጭረቱም አብሯችሁ ይኖራል።

ሁለተኛ፣ የካሜራው የሥራ ሰዓት።

ሌላው ሠራተኛ የሥራ ሰዓት አለው፤ ካሜራችሁም ይኑረው። ለአንድ ቀን ሽርሽር የምመክረው ሦስት ጊዜ ነው፤ እንደተደረሰ አሥር ደቂቃ፣ ገበታ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሩብ ሰዓት። በመካከሉ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ፣ ዚፑም የተዘጋ ይሁን። አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል ካሜራ ሥራ ላይ ነው፤ እናንተም እንደዚያው። ይህን ደግሞ አስቀድማችሁ ለሰዎቻችሁ ንገሯቸው፤ «አሁን አሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ ከዚያ የእናንተ ነኝ» በሉ። ሰው መጨረሻውን ካወቀ ይተባበራል። ማብቂያው የማይታወቅ ፎቶ ነው ሰውን የሚያስመርረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ሊንዳ ሄንክል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን ሙዚየም አስጎበኘች፤ ከፊሉን ዕቃ ፎቶ አንሱት፣ ከፊሉን እዩት ብቻ አለቻቸው። በማግስቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ያነሱትን ዕቃ ካዩት ብቻ ባነሰ አስታወሱ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ካሜራው ያስታውስልኛል ብለን አእምሯችን ሥራውን ይለቅቃል ማለት ነው። ግን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የጥናቱ ሌላው ክፍል ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል። ወደ አንዷ የዕቃው ክፍል ጠጋ ብለው፣ ዙም አድርገው ያነሱት ሰዎች ማስታወሳቸው አልቀነሰም። ሙሉውን በደፈናው ጠቅ አድርጎ ማለፍና አንድን ነገር ትኩር ብሎ አይቶ ማንሳት አንድ አይደሉም ማለት ነው። ስለዚህ ከሄዳችሁበት ቦታ 200 ጊዜ ጠቅ ከምታደርጉ፣ የእናታችሁን እጅ ኩባያውን እንደያዘ ጠጋ ብላችሁ አንድ ጊዜ አንሱ።

ወደ ነጥቤ ልመለስ። እኩለ ቀን ላይ ከሆናችሁ ፀሐይዋ ከአናት ናት፤ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ትሠራለች። ሰዎቻችሁን ፀሐይ ላይ አቁማችሁ «ዓይናችሁን ክፈቱ» አትበሏቸው። ጥላ ፈልጉ፤ ግን ጥላው መሃል አይግቡ፣ ጠርዙ ላይ ፊታቸውን ወደ ውጭው ብርሃን አዙረው ይቁሙ። ዓይናቸው ውስጥ ብርሃኑ ሲያበራ ካያችሁ ትክክል ናችሁ። የዛፍ ጥላ ከሆነ ፊት ላይ የተበጣጠሰ ብርሃን እንዳያርፍ እዩ፤ የሕንፃ ጥላ በዚህ ይሻላል።

ልጆች እየሮጡ ከሆነ ሹተር ስፒዱን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ እንዳትረሱ። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሮጥ ልጅ በፊታችሁ ሲያልፍ በ1/125 ሰከንድ ውስጥ 2.4 ሴንቲሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ፊቱ ይደበዝዛል። በ1/500 6 ሚሊሜትር፣ በ1/1000 3 ሚሊሜትር ነው። ለሩጫ 1/500ን አትውረዱ፤ ለዝላይ 1/1000 አድርጉ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) አውቶማቲክ አድርጋችሁ ጣሪያውን 6400 ላይ አስቀምጡ። ኖይዝ (አሸዋ የተዘራ የሚመስል ነጠብጣብ) ያለበት ፎቶ ትዝታ ይሆናል፤ የተንቀጠቀጠ ፊት ግን አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ ገበታው።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እዚህ ላይ ነው የምንወዳቸውን ሰዎች በብዛት የምናስቀይማቸው። ለአንድ ሰው ኬክ ጋብዛችሁት፣ ሹካውን አንስቶ «ቆይ!» ማለት ምን ማለት ነው? ግብዣው ለእሱ ነበር ወይስ ለካሜራው?

ሥራው የሚያልቀው ሳህኑ ከመምጣቱ በፊት ነው። እንደገባችሁ ጠረጴዛ ምረጡ፤ መስኮት አጠገብ፣ መስኮቱ ከጎን የሚሆንበት። መስኮቱ አብራችሁ ከተቀመጠችው ሰው ጀርባ ከሆነ ፊቷ ይጠቁራል፤ ከጀርባችሁ ከሆነ ደግሞ የእናንተ ጥላ ሳህኑ ላይ ያርፋል። ከጎን ሲሆን ግን ፊቷም ይሞላል፣ የኬኩም ክሬም ከነእጥፋቱ ይታያል። ከጠረጴዛው በላይ ቢጫ አምፖል ከተንጠለጠለ ወንበር ቀይሩ፤ የመስኮቱ ብርሃን 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ገደማ ነው፣ ቢጫው አምፖል ወደ 2,700። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ ይሆናል፤ በኤዲት አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል።

አስተናጋጁ እስኪመጣ ካሜራውን አዘጋጁ። ሹተሩ 1/125፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ለምን ኤፍ 2 አይሆንም? 35 ሚሊሜትር ሌንስ በ1.5 ሜትር ርቀት ላይ በኤፍ 2 ጥርት የሚያደርገው 22 ሴንቲሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። ዓይኗ ጥርት ሲል ከፊቷ ያለው ኬክ ደብዛዛ፣ አጠገቧ ትንሽ ዘንበል ያለው ልጅም ደብዛዛ ይሆናል። በኤፍ 4 እጥፍ ይሆናል፤ 44 ሴንቲሜትር። ሁለት ፊትና አንድ ሳህን ይይዛል።

ኤልኢዲ መብራት ያለበት ቤት ከሆናችሁ ተጠንቀቁ። ፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር እየተደራረበ ከመጣ ካሜራው አልተበላሸም። መብራቱ ዓይን በማያየው ፍጥነት ይርገበገባል፤ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር በሰከንድ 100 ጊዜ፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 120 ጊዜ። ስለዚህ ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 አድርጉት፤ 60 ኸርዝ ላይ 1/120 ወይም 1/60። «ሰው እንዳይረበሽ» ብላችሁ ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሹተር ከከፈታችሁ ደግሞ መስመሩ ይብሳል፤ ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ወደ መካኒካሉ መልሱት፤ አንድ ጠቅታ ማንንም አይረብሽም። ፍላሽ ግን በፍጹም! የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ከወሬው ያቋርጣል።

ሳህኑ ነጭ ከሆነ ካሜራው ይታለላል። ብዙ ነጭ ሲያይ «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጩ ግራጫ፣ ፊቱም አመድ ይመስላል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) በ0.7 ወይም በ1 ከፍ አድርጉ። ስልክ የያዘ ፊቷን በጣቱ ነክቶ የሚወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ይጎትት። የጥላው ወገን በጣም ከጨለመ ነጭ የወረቀት ፎጣ ወይም የተገለጠ ሜኑ ከመስኮቱ በተቃራኒ አቁሙ፤ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል። ሰፊውን የስልክ ሌንስ ለገበታ አትጠቀሙ፤ ጠርዝ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጭንቅላት እንደ ሊጥ ይስበዋል።

አሁን ሳህኑ መጣ። ሦስት ፎቶ ናት የምታነሱት። መጀመሪያ ማንም ሳይነካው ገበታው በሙሉ። ከፍ ያለ ነገር፣ እንደ ተቆረጠ ኬክ ወይም ብርጭቆ ያለው፣ ከጎኑ ዝቅ ብላችሁ ቢነሳ ቁመቱ ይታያል፤ ጠፍጣፋው ከላይ ቀጥ ብሎ ይነሳ። ሁለተኛዋ እጅ ናት፤ ሹካው ሲገባ፣ ማንኪያው ሲነሳ። ሦስተኛዋ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ስትቀመስ ያለው ፊት። ይህች የመጨረሻዋ አትደገምም፤ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ፊቱ ያው አይደለም። ስለዚህ ማንኪያውን አትከተሉ፤ ፎከሱን አስቀድማችሁ ዓይኗ ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ። ማንኪያውን ከተከተላችሁ ፎከሱ ማንኪያው ላይ ይቀርና ደስታው ደብዛዛ ይሆናል። ትኩስ መጠጥ ከሆነ እንፋሎቱ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ከኋላው ጨለም ያለ ነገር ሲኖርና ብርሃኑ ከጀርባው ሲመጣ ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት እንፋሎት አታገኙም።

ሦስቷን አነሳችሁ? ክዳኑን ግጠሙ፣ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ ብሉ! የእናንተም እየቀዘቀዘ ነው።

አራተኛ፣ እኛ ፎቶው ውስጥ።

መጀመሪያ ያስቆጠርኳችሁን አስታውሱ። ከእኛ መሃል ብዙው «እኔ አንሺ ነኝ፣ መነሳት አልወድም» ይላል። ልጃችሁ ግን ሃያ ዓመት ቆይታ አልበሙን ስትገልጥ የምትፈልገው የእናንተን የፎቶ ጥበብ ነው ወይስ እናንተን? መልሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሴልፍ ታይመር እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። ካሜራውን አስቀመጣችሁ፣ 10 ሰከንድ አደረጋችሁ፣ ተጫናችሁ፣ ሮጣችሁ ገባችሁ። ፎቶውን ስታዩ ከጀርባችሁ ያለው ዛፍ ጥርት ብሎ እናንተ ደብዛዛ ናችሁ። ለምን? ብዙ ካሜራዎች ፎከስ የሚያደርጉት ቁልፉ በተጫነባት ቅጽበት ነው፤ በዚያች ቅጽበት እናንተ ከካሜራው ጀርባ ነበራችሁ። ጠቅላላው ቤተሰብ ገና ካልቆመ ደግሞ ከፊቱ ያለው ዛፉ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ይኸውላችሁ። የምትቆሙበት ቦታ ላይ ሰው አቁሙ፤ ሰው ከሌለ ቦርሳ አስቀምጡ። እሱ ላይ ፎከስ አድርጉ። ቀጥሎ ሌንሱን ወደ ማንዋል ፎከስ ቀይሩ፤ ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም። ከዚያ ተጫኑ። አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 ይሁን፤ 35 ሚሊሜትር ሌንስ በ3 ሜትር ላይ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ይሰጣችኋል፤ ሁለት ረድፍ ሰው በምቾት ይይዛል።

ካሜራው በደረት ቁመት ይሁን። መሬት ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ካስቀመጣችሁት ሁላችሁንም ከአገጭ ሥር ነው የሚያየው። ትራይፖድ ከሌለ የአጥር ጫፍ፣ የመኪና ኮፈን፣ የወንበር መደገፊያ ይበቃል፤ የተጠቀለለ ሹራብ ከሥሩ አድርጉና አቅጣጫውን አስተካክሉ። ማንጠልጠያውን አንድ ነገር ላይ ጠምጥሙት፤ ነፋስ ካሜራ የሚጥለው በማንጠልጠያው ነው። አንድ ፎቶ ሳይሆን በተከታታይ አምስት እንዲያነሳ አድርጉት። የመጀመሪያው ላይ ሁሉም ይደርቃል፤ ሦስተኛው ላይ አንዱ ይስቃል፤ የምትወስዱት አራተኛውን ነው። ካሜራችሁ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ከሆነ መተግበሪያውን ቤት ሳላችሁ አገናኙትና ሞክሩት፤ ሜዳ ላይ ቆማችሁ የይለፍ ቃል ስትፈልጉ ብርሃኑ ይሄዳል።

ከታይመሩ የበለጠው መንገድ ግን ካሜራውን ለእነሱ መስጠት ነው። ስጧቸው! 1/250፣ ኤፍ 4፣ አውቶማቲክ አይኤስኦ፣ የሰው ፊት ፈልጎ የሚይዘው ፎከስ የተከፈተ። ማንጠልጠያውን አንገታቸው ላይ አድርጉላቸው። አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው፤ «እግራችንን ወይ ሙሉ አስገቡ ወይ ከወገብ ላይ ቁረጡ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ አትቁረጡ»። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ለልጅም ስጡ። የአምስት ዓመት ልጅ ካሜራ የሚይዘው ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛ ተንበርክከን የምንፈልገውን ማዕዘን እሱ ቆሞ ያገኘዋል። ስትመለከቱት ግን «ይኼ ዘሟል፣ ይኼ ጨልሟል» አትበሉ። ያን ቀን ካላችሁ ሁለተኛ አያነሳችሁም።

ደግሞም አንድ ሰው «አታንሳኝ» ካለ አለቀ። ባለቤታችሁ ብትሆንም፣ ልጃችሁ ቢሆንም። ደንበኛ እምቢ ሲለን ካሜራችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ የምንወደው ሰው እምቢ ሲለን ለምን እንከራከራለን?

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ላውራችሁ። ዣክ አንሪ ላርቲግ ይባላል፣ ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ተወለደ። ልጅ ሳለ አባቱ ካሜራ ሰጠው። ምን አነሳ? ወንድሙን አነሳ። የአጎትና የአክስት ልጆቹ ከደረጃ ሲዘሉ አነሳ። የመኪና እሽቅድምድም፣ ባሕር ዳርቻ፣ የወደዳቸውን ሴቶች አነሳ። ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሠዓሊ ነኝ ይል ነበር፤ ፎቶዎቹን በአልበም እየለጠፈ፣ ማስታወሻ እየጻፈ ለራሱና ለወዳጆቹ ያስቀምጥ ነበር። ኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1963 ፎቶዎቹን ሲያሳይ ሰውዬው ሰባ ዓመት ሊሞላው አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። በ1979 አልበሞቹን ለፈረንሳይ መንግሥት ሰጠ፤ በ1986 አረፈ። ልብ በሉ፣ ማንም ደንበኛ አላዘዘውም። ከወዳጆቹ ጋር ሲወጣና ሲዝናና ያነሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የዚያን ዘመን ኑሮ ከምናይባቸው ዋነኞቹ ፎቶዎች መካከል ናቸው። ይህም የሆነው ስላነሳቸው ብቻ አይደለም፤ በአልበም ስላስቀመጣቸው ጭምር ነው።

ያ ወደ አምስተኛው ነጥቤ ይወስደኛል።

ከሽርሽር የተመለሰ ካርድ በሥራ ካርድ ሥር ይቀበራል። የደንበኛ ፎቶ ቀነ ገደብ አለው፤ የእናታችሁ ፎቶ የለውም። ስለዚህ ያን ማታውኑ፣ ከመተኛታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ስጡት። ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ድገሙት፤ ሦስተኛውን ከቤት ውጭ፣ ክላውድ ላይ ወይም ዘመድ ቤት አስቀምጡ። ሁለት ቦታ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ። ስትመርጡ በመጀመሪያው ዙር የማትፈልጉትን አትፈልጉ፤ የምትወዱትን ብቻ ምልክት አድርጉ፣ ፈጣን ነው። ከ150 ፎቶ 30 ይቀሩ፤ ከ30ው 12። የአንድ ቀን ሽርሽር 12 ፎቶ ይበቃዋል። ዓይኑን የጨፈነውን ግን ሁሉ አትጣሉ፤ ሳቅ ዓይን ይጨፍናል።

ለሰው የምታጋሩ ከሆነ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ይሁን። ከሄዳችሁበት ሆናችሁ መለጠፍ «ቤቴ ባዶ ነው» ብሎ እንደማስታወቅ ነው። ፎቶው ውስጥ የተነሳበትን ቦታ የሚያሳይ መረጃ ሊኖር ይችላል፤ ከማጋራታችሁ በፊት አጥፉት፣ በተለይ የልጆች ከሆነ።

ከዚያ አሳጥቡ። 12ቱን ብቻ። 10 በ15 ሴንቲሜትር በጥሩ ጥራት ለማሳጠብ 1,181 በ1,772 ፒክስል ይበቃል፤ 2 ሜጋፒክስል ያህል ማለት ነው፤ ማንኛውም ስልክ አለው። 20 በ30 ከሆነ ከ8 ሜጋፒክስል በላይ ትፈልጋላችሁ። በመልእክት መላኪያ ተልኮ የመጣ ፎቶ ግን አትላኩ፤ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ረጅም ጎኑ 1,600 ፒክስል ከሆነ በጥራት የሚወጣው እስከ 13 ሴንቲሜትር ተኩል ድረስ ብቻ ነው። ዋናውን ፋይል ጠይቁ።

ስታሳጥቡ ከጀርባው ጻፉበት። እስክሪብቶ አይሁን፤ ጫናው ወደ ፊት በኩል ይወጣል፣ ቀለሙም የሚደራረብበትን ፎቶ ያቆሽሻል። ለስላሳ እርሳስ ያዙ፣ ፎቶውን ጠንካራና ንጹሕ ነገር ላይ ገልብጡ፣ ጠርዙ ላይ ሳትጫኑ ጻፉ። ወረቀቱ የሚያንሸራትት ከሆነና እርሳሱ ካልያዘ ለፎቶ ጀርባ ተብሎ የተሠራ እስክሪብቶ አለ፤ ጽፋችሁ እስኪደርቅ ሳትደራርቡ ጠብቁ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሁሉንም ስም ጻፉ። የራሳችሁንም ስም ጻፉ፤ አራተኛው ፎቶ ላይ አላችሁበትና።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ታይመሩ ካሜራውን እዚሁ ይዤ መጥቻለሁ፤ ጥያቄ ያለው ወደ ፊት ይምጣ፣ አብረን እንሞክረው።